ያፈጠነ ይጠየቃል ወይ?

በበርሊን ደቡብ ምዕራብ ዳሌም የሚባል ዛፍ የበዛበት ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም ተገኝተው ያስመረቁት የፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋም ዛሬም እዚያው ይሠራል (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹና ቀኖቹ የአውሮፓ ናቸው)። ከ1953 ጀምሮ ተቋሙ የሚጠራው በመጀመሪያው ዳይሬክተሩ በፍሪትስ ሃበር ስም ነው። በ2007 የበርሊንና የፖትስዳም አራት ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ተቋምና ከሌላ አንድ የማክስ ፕላንክ ተቋም ጋር ተባብረው ካታሊስቶችን፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ነገሮችን፣ የሚያጠና ትልቅ የምርምር ኅብረት መሠረቱ። መጀመሪያ ዩኒካት ይባል ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ዩኒሲስካት ሆኗል። ከዚህ ኅብረት ጋር ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ወጣቶችን በእንግሊዝኛ እያስተማረ ለዶክትሬት የሚያበቃ ትምህርት ቤት አብሮ ይሠራል።

ይህን ትምህርት ቤት ከሌላው የሚለየው ተማሪዎቹ የሚጎራበቱት ሰው ነው። ሃይድሮጂንን የሚሰነጥቅ የባክቴሪያ ኢንዛይም የሚያጠና ባዮሎጂስት፣ የብረትን ገጽ አቶም ባቶም የሚመረምር ፊዚሲስት፣ የኤሌክትሮኖችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር የሚያሰላ የቲዎሪ ሰው፣ ጋዙ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሪአክተር የሚነድፍ መሐንዲስ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ጉዳዩ ራሱ ይህን ያስገድዳል። በባቄላ ሥር እብጠት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በአፈር ሙቀት ብቻ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ፋብሪካው ይህንኑ የሚሠራው ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና ከምንተነፍሰው አየር 200 ጊዜ ገደማ በሚበልጥ ግፊት ነው። ባክቴሪያው የሚያውቀውን ምሥጢር ኬሚስቱ ብቻውን አይፈታውም፤ ባዮሎጂስቱም ቢፈታው ፋብሪካ አያቆምበትም።

ስለ ሳይንሱ ብዙ መናገር ይቻላል፤ የሚያኮራም ነው። ነገር ግን የሃበር ስም ባለበት ቅጥር ለሚማር ሰው ከሳይንሱ ጎን የሚቆም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህም ጥያቄ ከሁሉም ሙያዎች ይልቅ ለካታሊስት ተመራማሪ የቀረበ ነው። አንድን ነገር ያፈጠነ ሰው፣ ነገሩ ሲፈጸም ለሚያመጣው ይጠየቃል ወይ?

ስዊድናዊው ቤርሴሊየስ በ1835 ካታሊሲስ የሚለውን ስም ሲያወጣ፣ አንዳንድ ነገሮች ሳይነኩ ሌላውን ስለሚቀሰቅሱበት እንግዳ ኃይል እየተናገረ ነበር። የ1909ን የኖቤል ሽልማት የወሰደው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነገሩን ከጭጋጉ አወጣው። በእርሱ ትርጓሜ ካታሊስት የለውጡን ፍጥነት እንጂ የመጨረሻውን ሚዛን አይለውጥም፤ በሥራው መጨረሻም ራሱ አልቆ አይገኝም። በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ሰው በቀላሉ የኅሊና ዕረፍት ሊሠራበት ይችላል። እኔ ያልነበረን ነገር አልፈጠርኩም፣ ሊሆን የሚችለውን አፋጠንኩ እንጂ ማለት ይቻላል። ይህ አነጋገር በቤተ ሙከራዎች አካባቢ ብዙ ጊዜ፣ በብዙ መልክ ይሰማል።

የሃበር ሕይወት ግን እንዲህ ያለውን ዕረፍት አይፈቅድም።

ሃበር በ1868 በብሬስላው ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በወጣትነቱ ወደ ፕሮቴስታንት ክርስትና ገባ። በሐምሌ 1909 በካርልስሩህ ለባስፍ የኬሚካል ኩባንያ ሰዎች ያሳየው መሣሪያ አየር ውስጥ ካለው ናይትሮጅንና ከሃይድሮጂን ጠብ ጠብ የሚል ፈሳሽ አሞኒያ ያወጣ ነበር። ካታሊስቱ ኦስሚየም የተባለ እጅግ ብርቅ ንጥረ ነገር ነበር። በዓለም ያለው ኦስሚየም ጥቂት ስለሆነ፣ የኩባንያው ኬሚስት አልዊን ሚታሽ ከነረዳቶቹ ከ2,000 በላይ ድብልቆችን ፈተነ። በመጨረሻ ያሸነፈው ከስዊድን ከመጣ የብረት ማዕድን የተነሣው፣ ጥቂት አሉሚናና ፖታሽ የገባበት ተራ ብረት ሆነ። ካርል ቦሽ ግፊቱን የሚችል ግዙፍ ሪአክተር ሠራ፤ በ1913 የኦፓው ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ መንገድ በተገኘ ናይትሮጅን ላይ የበቀለ እህል እንደሆነ ይገመታል። በሰው ልጅ ታሪክ ይህን ያህል አፍ ያጎረሰ ግኝት ማግኘት ያስቸግራል።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከቺሊ የሚመጣውን ናይትሬት ስለዘጋ ጀርመን የፈንጂ ጥሬ ዕቃ ሊያልቅባት ሆነ። ቦሽ በዚያው ዓመት መስከረም አሞኒያውን ወደ ናይትሬት እለውጣለሁ ብሎ ለመንግሥት ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ለዳቦ የታሰበው ብረት ለመድፍ ሠራ። ሃበር ደግሞ ከዚያም አልፎ ሄደ። ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በቤልጅየም በኢፕር ከተማ አጠገብ 6 ኪሎ ሜትር በሚሆን ግንባር 150 ቶን ያህል ክሎሪን ወደ ፈረንሳይና አልጄሪያ ወታደሮች ምሽግ ሲለቀቅ ሥራውን የመራው እርሱ ነበር፤ በቦታውም ተገኝቷል። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ግንቦት 2፣ ሚስቱ ክላራ ኢመርቫር በዳሌም ቤታቸው የአትክልት ስፍራ በእርሱ ሽጉጥ ራሷን ገደለች። ክላራ በ1900 ከብሬስላው ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ለሞቷ ጋዙ ምን ያህል ምክንያት እንደሆነ የታሪክ ጸሐፍት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የማያከራክረው ሃበር ብዙም ሳይቆይ ወደ ምሥራቁ ግንባር ለሌላ የጋዝ ዘመቻ መሄዱ ነው።

ዘመኑ እንዲህ ነበር፣ ማንም ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር የሚል መከላከያ ይቀርባል። ማስረጃው ግን ከዚህ ጋር አይሄድም። ፊዚሲስቱ ማክስ ቦርን ያው ጀርመናዊ፣ ያው ዘመን፣ ያው ጦርነት ነበረበት፤ በጋዙ ሥራ እንዲሳተፍ ሲጠየቅ አልፈልግም አለ። በስዊስ ይኖር የነበረው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር ጦርነቱ ሳያልቅ የመርዝ ጋዝን በአደባባይ ተቃወመ፤ በኋላም በዚሁ ምክንያት ከሃበር ጋር ተጋጨ። ዕውቀታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሰዎች በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው የተለያየ አቅጣጫ ያዙ። እንግዲህ መንገዱን የመረጠው ዕውቀቱ አልነበረም።

የዳሌሙ ሥራ ኢትዮጵያም ደርሷል። የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን መርዝ ለጦርነት ያዘጋጁት በሃበር ተቋም ውስጥ ነበር፤ በ1917 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጣለው በዚያው በኢፕር አካባቢ ስለሆነ ዓለም ኢፕሪት ብሎ ጠራው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች በተከዜ የራስ እምሩን ሠራዊት ያቃጠሉት በዚህ ነው። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለው የጄኔቫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1925 ተፈርሞ ነበር፤ ጣልያንም ፈራሚ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ከሰማይ እንደ ዝናብ ስለወረደው መርዝ ተናገሩ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ሃበር በዚያ ጊዜ በሕይወት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1933 የናዚ መንግሥት አይሁዳውያንን ከሥራ ሲያባርር ተቋሙን ለቆ ተሰደደ፤ በጥር 1934 ባዝል ከተማ ሞተ። በእርሱ አመራር በተጀመረው የተባይ ማጥፊያ ሥራ ሥር የተወለደው ሲክሎን የተባለ የሳያናይድ ምርት በኋላ በአውሽቪትዝ ሰው ማጥፊያ ሆነ።

ታዲያ ሃበር ለተከዜው ይጠየቃል? ለአውሽቪትዝስ? እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ ጥያቄውን ያበላሸዋል። በ1909 ጠብታውን ያየው ሃበር በ1915 ግንባር ላይ ከቆመው ሃበር ጋር እኩል አይከሰስም። የመጀመሪያው እንጀራ ፈላጊ ነበር፤ ሁለተኛው የሚያደርገውን እያወቀ አደረገው። ቦሽ ከሁለቱ መካከል ይቆማል።

ይህን ልዩነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሃበር የተወው የአባቶቹ ሕግ፣ የኢትዮጵያ አማኝም የሚያውቀው ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ስለ ተዋጊ በሬ ይናገራል። በሬው ሰው ቢወጋ፣ አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ካልታወቀ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። ተዋጊ መሆኑን ሰዎች ነግረውት ሳለ ሳያስረው ከቀረ ግን ዕዳው በራሱ ላይ ነው። ምዕራፍ 22 ደግሞ እሾህ ላይ እሳት ስለለኮሰና እሳቱ የሌላውን ነዶ ስለበላበት ሰው ያነሣል፤ ለኳሹ ይክፈል ይላል ሕጉ። እሳቱ በራሱ ሄዷል፣ ነፋሱም አግዞታል፤ ይህ ለኳሹን ነጻ አላወጣውም። ከሦስት ሺህ ዘመን ገደማ በፊት ሕግ የጻፉ ሰዎች ትንሽ ምክንያት ትልቅ ውጤት ሲያመጣ ኃላፊነት እንደማይጠፋ፣ ደግሞም በማወቅ ልክ እንደሚከብድ ለይተው ነበር።

የሚያስደንቀው ብረቱን ያገኘው ሚታሽ ራሱ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ዕድሜውን መጨረሱ ነው። በ1932 ከባስፍ ጡረታ ወጥቶ ወደ ፍልስፍና ዞረ። በ1938 ስለ ካታሊሲስና ስለ ዕጣ ፈንታ አስገዳጅነት መጽሐፍ አሳተመ፤ ስለ ፈላስፋው ኒቼም ጻፈ። የያዘው ክር የሐኪሙ ሮበርት ማየር ነበር። ማየር በ1842 ስለ ኃይል አለመጥፋት ሲጽፍ መንስኤና ውጤት በመጠን እኩል ናቸው ብሎ ነበር። በ1876 ግን ሌላ ዓይነት መንስኤ እንዳለ ጻፈ፤ ይህም የሚለቅ፣ የሚፈታ፣ የሚቀሰቅስ መንስኤ ነው። ብልጭታ ባሩድን ሲያነሣ በብልጭታውና በፍንዳታው መካከል ምንም የመጠን እኩልነት የለም። ሚታሽ ካታሊስትን፣ ሆርሞንን፣ የሰውንም ፈቃድ በዚህ በሁለተኛው ረድፍ አስቀመጣቸው። የሰው ፈቃድ ክንድ የሚያነሣበትን ጉልበት አይፈጥርም፤ ጉልበቱ በጡንቻው ውስጥ ነው፤ ፈቃድ ግን መቼና ወዴት እንደሚነሣ ይወስናል። ይህ አስተሳሰብ በሺህ የሚቆጠሩ ሙከራዎችን በእጁ ካካሄደ ሰው መምጣቱ ክብደት ይሰጠዋል።

ከዚህ በኋላ ኦስትቫልድ ላይ የተደገፈው የኅሊና ዕረፍት በኬሚስትሪው በራሱ ይፈርሳል። ካታሊስት የሚያፈጥን ብቻ አይደለምና፤ ይመርጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ተቀላቅለው ኒኬል ላይ ቢያልፉ ሚቴን ይሆናሉ፤ መዳብና ዚንክ ኦክሳይድ ላይ ቢያልፉ ሜታኖል፣ ብረት ወይም ኮባልት ላይ ቢያልፉ ፈሳሽ ነዳጅ። የሚገባው ጋዝ አንድ ነው። የሚወጣውን የለየው ተመራማሪው ያስቀመጠው ዱቄት ነው። በ1920ዎቹ በሚውልሃይም ፊሸርና ትሮፕሽ ያገኙት ይህ የነዳጅ መንገድ በኋላ ናዚ ጀርመን ለጦርነቱ ከድንጋይ ከሰል ካወጣችው ነዳጅ አንዱን ክፍል ሰጥቷል። ብዙ መንገድ ከተከፈተበት ነገር አንዱን አፍጥኖ ሌላውን ያዘገየ ሰው አቅጣጫ ሰጥቷል፤ እኔ አላዞርኩም ሊል አይችልም።

ለዚህ የቀረበ ምሳሌ በበርሊኑ ኅብረት ውስጥ ነበር። ዩኒካት ብዙ ከደከመባቸው ሥራዎች አንዱ ሚቴንን ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ የፕላስቲክ መነሻ የሆነውን ኢቲሊን ማውጣት ነው። ጥሩ ካታሊስት ከሌለ ሚቴኑ ዝም ብሎ ይነድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ ኬሚስቶቹ ዱቄቱን ሲያሻሽሉ፣ የቲዎሪ ሰዎች ለምን እንደሚሠራ ሲያሰሉ፣ መሐንዲሶቹ በቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ትንሽ የሙከራ ፋብሪካ አቁመው ጋዞቹን እንዴት እንደሚለዩ ያጠኑ ነበር። እያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ይዟል። ቁራጩን ብቻ ለሚያይ ሰው ስለ ፕላስቲኩ መጨረሻ፣ ስለሚወጣው ካርቦን፣ ስለ ጋዙ ምንጭ መጠየቅ ከሥራው ውጭ ይመስለዋል። የዘመናችን ምርምር ትልቁ የኅሊና አደጋ ይህ ነው። በአንድ ክፉ ሰው ምትክ መቶ ደጋግ ሰዎች ዕዳውን ተካፍለው፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ እስከማይታይ ድረስ ያንሳል።

ልዩ ልዩ ሙያዎችን የሚያገናኝ የዶክትሬት ትምህርት ቤት ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ፈጣን ውጤት ስለሚያመጣ ነው፤ እርግጥ ያመጣል። በዳሌም ለዓመታት ዳይሬክተር የነበረውና በ2007 ኖቤል የተሸለመው ገርሃርድ ኤርትል የሚታሽ ብረት እንዴት እንደሚሠራ ያሳየው የፊዚክስን መሣሪያ ወደ ኬሚስቶች ጥያቄ በማምጣቱ ነው፤ የናይትሮጅን ጥንድ በብረቱ ገጽ ላይ መሰንጠቁ ዘገምተኛው እርምጃ መሆኑ የታወቀው በእርሱ ጥናት ነው። ነገር ግን ከፍጥነቱ በላይ የሚከብድ ሌላ ትርፍ አለ። ሙያዎች ሲገናኙ ሙሉው ነገር ለአንድ ሰው ዓይን ይታያል። የባዮሎጂስቷን፣ የመሐንዲሱንና የስሌቱን ሰው ሪፖርት በየሳምንቱ የሚሰማ ተማሪ፣ እኔ የማውቀው ክፍሌን ብቻ ነው የሚለውን ማምለጫ ያጣል። የኦሪቱን ቃል ከተከተልን፣ ስለ በሬው ተነግሮታል።

ጀርመናዊው አይሁዳዊ ፈላስፋ ሃንስ ዮናስ በ1979 ስለ ኃላፊነት ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ የተከራከረው ለዚህ ቅርብ ነው። የጥንቱ ሥነ ምግባር ለጎረቤት የተሠራ ነበር፤ ሰው እጁ ከሚደርስበት ርቆ መጉዳት አይችልም ነበርና። አሁን እጁ ረዝሟል፤ ገና ያልተወለዱትን ይነካል፤ ስለዚህ የኃላፊነቱ ወሰንም አብሮ መርዘም አለበት ይላል። እናቱ አውሽቪትዝ ውስጥ የተገደለችበት ሰው የጻፈው መጽሐፍ ነው። በዮናስ ላይ የሚነሣው ተቃውሞም ተገቢ ነው፤ ሁሉንም አስቀድሞ አውቆ መሥራት ቢጠየቅ ማንም ምንም አይሠራም። ሚታሽ ብረቱን ሲመዝን ከማሳ ስለሚወጣ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ክብደት ለክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል ስለሚያሞቅ ጋዝ ማሰብ አልቻለም። በወንዝ ታጥቦ ባሕር የሚገባ ናይትሬት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ዓሣ ኦክስጅን እንደሚያሳጣ አላወቀም። ለዚህ እርሱን መክሰስ ግፍ ነው። እኛ ግን አውቀናል። ኃላፊነት የሚጀምረው ከሚታወቅበት ቀን ነው፤ የዛሬ የዶክትሬት ተማሪ የሚገባው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ሥነ ምግባርን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሴሚናር ማድረጋቸው አይበቃም። የመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ የካታሊስቱ ምርጫ በመቶኛ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ የተመራማሪው ምርጫም ምዕራፍ ይገባዋል። ይህ መንገድ ማንን ይመግባል፣ ማንን ይጎዳል፣ ከሌሎቹ መንገዶች ይልቅ ይህ ለምን ተመረጠ የሚሉት በፈተናው ቀን በግልጽ ሊጠየቁ ይገባል። የሃበርን ስም የያዘ ተቋም ባለበት ከተማ ይህ ጥያቄ ለማንም እንግዳ ሊሆን አይችልም።

ለኢትዮጵያውያን ኬሚስቶችም፣ በአገር ቤት ላሉትም ለዶክትሬት ወደ ጀርመን ለሚሄዱትም፣ ጉዳዩ የሩቅ ታሪክ አይደለም። አገሪቱ ከሃበር ታሪክ በሁለት እጅ ተቀብላለች፦ በአንዱ ኢፕሪቱን፣ በሌላው ከአሞኒያ የሚሠራውን፣ ገበሬው በየክረምቱ የሚጠብቀውን ዩሪያ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በጎዴ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ፋብሪካው ያስፈልጋል፤ እስካሁን ማዳበሪያ በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ ሲገባ የኖረበት አገር ነው። ይሁን እንጂ ጎዴ የምትገኘው በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር ነው። የወንዙን ናይትሬት ማን ይለካል፣ ውጤቱን ለማን ይናገራል፣ ሲከፋ የማዘዝ ሥልጣን የማን ነው የሚሉትን ጥያቄዎች ኬሚስቶቻችን የመጀመሪያው የዩሪያ ከረጢት ከመሞላቱ በፊት ያንሡ።